የእሑዱ ምርቃት

እንቅልፍ እምቢ አለ። እምቢ ካለ ደግሞ እምቢ ነው፤ ኦንዲና ጎኗን ቀየረች፣ ትራሱን ገለበጠች፣ መስኮቱ ላይ የቸነከረችው ወፍራም ብርድ ልብስ ብርሃን አስገባ ብላ ተነስታ እንደገና ወጠረችው፣ ቀኑ ግን ቀን ነው፣ ብሮንክስ ደግሞ በጠራራ ቀን መቼ ዝም ብሎ ያውቃል፣ ከሥር የቢየንቤኒዳ ፀጉር ቤት ማድረቂያ ይጮኻል፣ የማሞቂያው ቧንቧ ውስጡ ሰው የታሰረበት ይመስል ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል፣ ጎረቤት ሬዲዮ ከፍቷል፣ በሬዲዮው ደግሞ፣ የፈጣሪ ያለህ፣ የሚያወሩት ስለ እሷ ነው። «አክስትየዋ» እያሉ። ሌሊቱን ሙሉ የሰው እናት ስታገላብጥ፣ ውኃ ስታቀምስ፣ ትራስ ስታስተካክል ያደረች ሴት ጠዋት ገብታ እንደ ድንጋይ መውደቅ ነበረባት፤ ስንት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነው የወደቀችው፣ አንዳንዴም ከነጫማዋ። ከእሑድ ወዲህ ግን አልጋው አፍ አወጣ። አምልጦሽ ነው ወይስ አውቀሽ ነው? ይላታል። አምልጦኝ ነው፣ ትላለች ኦንዲና። አልጋው ዝም ይላል። አንጀቷን የሚበላት ዝምታው ነው፤ ቢከራከራት እኮ ትረታው ነበር፣ በክርክር ማን ችሏት!

እሑድ ነው። የአልታግራሲያዋ እመቤት፣ የዶሚኒካኖች ማርያም፣ በዓል ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ያለው አዳራሽ በሰው ጢም ብሏል፣ ውጭው በረዶ ውስጡ እሳት፣ የሰው መነጽር ሁሉ ላብ አውጥቷል፣ የሥጋ ሾርባው በትልልቅ ድስት ይንተከተካል፣ ጥብስ ሙዙ በትሪ ይዞራል፣ ኦንዲና ቀዩን ቀሚሷን ለብሳ የማታውቀውን ሰው ሁሉ «ብላ እንጂ፣ ምነው፣ ታመሃል?» እያለች ትቆጣለች። በዚያ መሐል ዩዴልካ ገባች። የኦንዲና ዩዴልካ! የእህቷ የኔሬይዳ ልጅ ናት፣ እዚሁ ብሮንክስ የተወለደች፤ ኔሬይዳ ብርዱን አልቻለችምና ልጅቷ ገና በጡት ሳለች እዚህ ትታት ወደ አገር ቤት፣ ወደ ባኒ ተመለሰች፣ ያሳደገቻት ኦንዲና ናት። ያቺ አፍንጫዋ የማይደርቅ ልጅ ዛሬ ዋሽንግተን ምክር ቤት ገብታ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ሕክምና ስትናገር ወጣቱ እንደ ዘፋኝ ይጮኽላታል፤ ከሱቅ ሻጩ እስከ ቴሌቪዥኑ የሚጠየቀው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ለፕሬዚዳንት መቼ ነው የምትወዳደረው? ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሕጉ ሠላሳ አምስት ይላል፣ ደርሳለች እኮ፣ አሁን ካልተወዳደረች ስሟ ይቀዘቅዛል፣ ይላሉ ግማሾቹ። ትቆይ፣ መጀመሪያ ሴናተር ትሁን፣ አሁን ተወዳድራ ከወደቀች ስሟ ይቃጠላል፣ ይላሉ የቀሩት። አውቶቡስ ውስጥ በዚህ ጉዳይ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ሊደባደቡ ሲሉ ኦንዲና በዓይኗ አይታለች፤ በመሐላቸው ተቀምጣ አክስቷ ነኝ ማለት አምሯት ከንፈሯን ነክሳ ወረደች። ምን ዓይነት ደስታ ነበር!

መልሱን ግን ታውቅ ነበር። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ ኦንዲና ፊቷን በትራሱ ሸፈነችው። ሐሙስ ዕለት ነው፣ ዩዴልካ ወጥ ቤቱ ውስጥ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ፣ የተፈጨ አረንጓዴ ሙዝ ከተጠበሰ አይብ ጋር ትበላለች።

«አክስቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለማንም እንዳትናገሪ።»

«እኔ? እኔ እኮ መቃብር ነኝ።»

«አንቺ መቃብር? አንቺ ጡሩንባ ነሽ።»

«ጡሩንባም ቢሆን ካልነፉት አይጮኽም። ንገሪኝ!»

«ዘንድሮ አልወዳደርም።»

ኦንዲና ማንኪያዋን አስቀመጠች። ልጅቷ ቀና ሳትል ቀጠለች፣ ደከመኝ አለች፣ ፀጉሬ ሳበጥረው በእጄ እየመጣ ነው አለች፣ ደጄ ላይ ቆሞ የሚሰድበኝ ሰውዬ አለ፣ አሥር አማካሪ አለኝ፣ አምስቱ አሁን ይላሉ፣ አምስቱ ቆዪ ይላሉ፣ አንቺ ግን ትፈልጊያለሽ ወይ ያለኝ አንድ ሰው የለም። ነገሩ ሲረጋጋ፣ በጸደይ፣ ራሴ በጸጥታ እናገራለሁ፣ እስከዚያ ባንቺና በእኔ መካከል ይሁን። እና ኦንዲና፣ ለአገሩ ሁሉ ብላ እንጂ የምትለው ኦንዲና፣ ምን አለች? ትፈልጊያለሽ ወይ አለች? «ብዪ፣ ብዪ፣ ይቀዘቅዛል» አለች። አሁን አልጋዋ ላይ ይህን ስታስታውስ እግሯ ራሱ ያፍራል፣ ጣቶቿ በብርድ ልብሱ ውስጥ ይኮማተራሉ።

ነገሩ እኮ ቀላል ነበር፤ ማንም ዶሚኒካን ያውቀዋል። ታናሽ ታላቁን ሲያገኝ፣ ሲሰናበት፣ ስልክ ሲያነሳም ሲዘጋም «ባርኪኝ» ይላል፣ ታላቅም «እግዚአብሔር ይባርክህ» ይላል፤ ሽማግሌ የሆነ ሰው እንኳ እናቱ ዘንድ ሲደውል ባርኪኝ ሳይል ስለ ጤናዋ አይጠይቅም። ዝም ማለት አይቻልም። የተጣላሽው ሰው እንኳ ባርኪኝ ካለሽ ትመርቂያለሽ፣ ከዚያ ጠብሽን ትቀጥያለሽ። ከምርቃቱ ኋላ ደግሞ እያንዳንዱ ቤት የየራሱን ይጨምራል፣ አንዷ «ጥሩ ባል ይስጥሽ»፣ ሌላዋ «ቅድስት ያድርግሽ» ትላለች። ኦንዲና ለዜግነት ስትማር ነው የራሷን ያገኘችው፤ አስተማሪዋ ፕሬዚዳንት የሚሆነው እዚህ የተወለደ ብቻ ነው አለቻቸው፣ ኦንዲናም ማታ ቤት ገብታ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ቀለም የምትቀባውን ሕፃን ትክ ብላ አየቻት፣ አየቻት፣ እኔ አልችልም፣ እናትሽ አትችልም፣ አንቺ ግን ትችያለሽ እኮ! ብላ ጮኸች፣ ሕፃኗ ደንግጣ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባርኪኝ አክስቴ፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ ፕሬዚዳንትም ያድርግሽ። ትምህርት ቤት በር ላይ። ሐኪም ቤት። ስልክ ላይ። ሲሳቅበት የኖረ የቤት ነገር ነው።

አዳራሹ ውስጥ ሚስተር ዱጋን አለ። የፓርቲው ሽማግሌ ነው፣ በዚህ ሰፈር እሱ እሺ ሳይል የመንገድ መብራት እንኳ አይተከልም ይባላል፣ በበዓላችን ሁሉ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይስቃል፣ አንዳችንንም በስማችን ጠርቶን አያውቅም። በአንድ እጁ ፓስቴሊቶ፣ የእኛን የሥጋ ሳምቡሳ፣ ይዞ፣ ዘይቱ በእጅጌው እየወረደ፣ በሌላው ማይክሮፎኑን ይዞ «ይቺ ልጃችን ዕንቁ ናት!» አለ፣ ሰው አጨበጨበ፣ «ግን ገና ናት! ወረፋዋን ትጠብቃለች፤ እኔ ራሴ ስንት ዘመን ጠብቄያለሁ!» አለና ራሷን ዳበሳት። በዚያ ቅባት ባለው እጁ። እንደ ድመት! ልጅቷ ራሷ እቆያለሁ ማለቷና ይሄ ሰውዬ ቆዪ ማለቱ አንድ ነው እንዴ? አንድ አይደለም! ኦንዲና ጥርሷ ሲንቋቋ ተሰማት። ዩዴልካ ፈገግ አለች፣ ያቺን የፎቶ ፈገግታዋን፣ ልትወጣ ኮቷን ደረበች፣ እንደ ልማዷ ወደ አክስቷ ጎንበስ ብላ «ባርኪኝ አክስቴ» አለች፤ ማይክሮፎኑ ከኦንዲና አፍ አንድ ክንድ አይርቅም፣ የኦንዲና ድምፅ ደግሞ ከአራተኛ ፎቅ ልጅ ሲጠራ የኖረ ድምፅ ነው፣ ማይክሮፎን አያስፈልገውም። «እግዚአብሔር ይባርክሽ! ፕሬዚዳንትም ያድርግሽ!»

አዳራሹ በጩኸት ጣሪያው ሊወርድ ደረሰ። ሰው ወንበር ላይ ወጣ፣ ከበሮው ተነሳ፣ አሮጊቶች አለቀሱ፣ አክስቷ መረቀቻት፣ አለቀ፣ ትወዳደራለች! ስልኮች ሁሉ ወደ ላይ ተሰቅለዋል፣ ሚስተር ዱጋን ፓስቴሊቶው ጉሮሮው ላይ ቀርቶ ጀርባውን ይደበድቡታል፣ እና ኦንዲና፣ ይህንን ነው አልጋው የሚያውቅባት፣ ኦንዲና በዚያች ሰዓት ደስ ብሏት ነበር። በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም። የዩዴልካን ፊት እስክታይ ድረስ። ልጅቷ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። እንደዚያን ጊዜ፣ አምስት ዓመቷ ሳለ ገበያ ውስጥ ጠፍታ ስትገኝ እንደነበረው፣ ዓይኗ ብቻ ሰፍቶ ዙሪያዋን ያያል።

ከዚያ ወዲህ አልደወለችም። በየቀኑ የምትደውል ልጅ፣ ዋሽንግተን ሆና፣ አውሮፕላን ልትሳፈር ስትል፣ ስብሰባ መሐል ሽንት ቤት ገብታ እንኳ ባርኪኝ የምትል ልጅ ዝም አለች። ኦንዲና የልጅቷን ስልክ ትደውላለች፣ አይነሳም። ቢሮዋ ትደውላለች። ስልኩን የሚያነሳው ማሽን ነው፣ ለቤት ኪራይ ጉዳይ አንድን ይጫኑ፣ ለጡረታ ሁለትን፣ ለኢሚግሬሽን ሦስትን፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠች፣ ለአክስት የሚጫን ቁጥር የለም። ዝም ብላ ሁሉንም ተጫነቻቸው። አንዲት ትሑት ድምፅ መጣች።

«ስለ ድጋፍዎ በጣም እናመሰግናለን፣ እመቤት።»

«ድጋፍ አይደለም እህቴ፣ አክስቷ ነኝ።»

«ገብቶኛል እመቤት። ከጠዋት ጀምሮ የደወሉ አክስቶች ብዙ ናቸው።»

«እኔ እውነተኛዋ ነኝ!»

«ሁላቸውም እንደዚያ ነው የሚሉት። የሰፈርዎን የፖስታ ቁጥር ይነግሩኛል?»

ጠበቃ የተባለ ሰውዬ ግን ደወለ፣ እሱ እንዴት እንዳገኛት እግዜር ይወቅ። ለማንም ምንም እንዳይናገሩ፣ አለ፣ በሕጉ ሰው እወዳደራለሁ ካለ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል፣ ገንዘቡ፣ ወረቀቱ፣ ሁሉም። እሷ እኮ አላለችም፣ እኔ ነኝ ያልኩት፣ አለች ኦንዲና። እሱ ነው ችግሩ እመቤት፣ አለ። እሷ ያላለችውን ነው አሁን አላልኩም ማለት ያለባት። ኦንዲና ይህን ነገር ስንት ጊዜ አገላብጣ አሰበችው፣ በየትም በኩል ብትይዘው እጇን ያቃጥላታል፤ ዩዴልካ አልወዳደርም ብትል ፈርታ ሸሸች ይሏታል፣ ዱጋን ራሷን ዳብሶ አስቀመጣት ይሏታል፣ እወዳደራለሁ ብትል ደግሞ ያቺ በእጇ የሚመጣው ፀጉር። በጸደይ፣ በጸጥታ፣ በራሷ አፍ የምትለው ነገር ነበራት፣ አሁን የለም። ማን ወሰደው? አልጋው ዝም።

ትናንት ወደ ባኒ ደወለች። ከፋኝ ስትል የምትደውለው እዚያ ነው፣ ትናንት ግን ስልኩን ያነሳችበትን እጅ ረገመችው።

«አንቺ!» አለች ኔሬይዳ። ኔሬይዳ ሰላምታ የላትም።

«ኔሬይዳዬ፣ እንዴት አደርሽ?»

«እንዴት ልደር! ደጄ ላይ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ቆሟል፣ የማላውቀው ሰው ሁሉ ‹የፕሬዚዳንቷ እናት› እያለ እጄን ይስማል፣ ጎረቤት ሁለት ፍየል አረደ። ልጄ ትወዳደራለች ወይ? ለእኔ ምንም አላለችኝም።»

«አትወዳደርም።»

«አትወዳደርም? ታዲያ አንቺ ምን ብለሽ ነው እንደዚያ የጮኽሽው? እዚህ በስልክ ሁሉም እያሳየኝ ነው፣ በዚያ ቀይ ቀሚስሽ!»

«መረቅኳት እንጂ ምን አልኩ።»

«ሰው ሲመርቁ ለእሱ የሚፈልገውን ነው የሚለምኑለት። አንቺ ለማን ለመንሽ?»

«ለእሷ! ለእናንተም! ፍየሎቹስ ምን ይሁኑ ታዲያ?»

«ታርደዋል አልኩሽ እኮ ፍየሎቹ! ፍየል ነው የምትጠይቂኝ?» ከዚያ የኔሬይዳ ድምፅ ወረደ፣ ኦንዲና ጩኸቷን ነው የለመደችው፣ ይሄኛውን ድምፅ አታውቀውም። «በጡት ሳለች ክረምቱ ይለፍና እልክልሻለሁ አልሽኝ። ከዚያ መዋዕለ ሕፃናቷን ትጨርስ አልሽ። ከዚያ እንግሊዝኛዋ ይጥና አልሽ። ታገሺ፣ ታገሺ፣ ስትይኝ ልጄ አደገች። አመስግኜሻለሁ፣ አሁንም አመሰግንሻለሁ፣ በደንብ አሳደግሻት። ግን ኦንዲና፣ አንቺ የፈለግሽውን ነገር ሰው እንደፈለገው አድርገሽ ታወሪዋለሽ። ሁልጊዜ።»

ስልኩ ተዘጋ። ኦንዲና ሥራ ሄደች፣ ሌሊቱን ሙሉ አሮጊቷን አገላበጠች፣ ውኃ አቀመሰች፣ ተመለሰች፣ ይኸው ተጋድማለች፣ ቧንቧው ቋ ቋ ይላል፣ ያ የድሮው ቀን ፊቷ ይመጣል፣ አውሮፕላን ጣቢያው ውስጥ ኔሬይዳ ሻንጣዋን ይዛ ትሄዳለች፣ ጡቷ ሸሚዟን አርሶታል፣ ዞራ ታያለች፣ ኦንዲና የሕፃኗን እጅ ይዛ ታወዛውዝላታለች፣ ቻው በያት ለእማዬ፣ ቻው፣ ውስጧም እንዲህ ይላል፣ ሂጂ፣ ሂጂ፣ እንዳትመለሺ፣ የኔ ናት። ይሄን ብላ ነበር እንዴ? ወይስ አሁን ነው የምትለው? ልጅ አልወለደችም፣ አገሩን አታውቀውም ነበር፣ በዚያ ብርድ አንድ የሚሞቅ ነገር ሕፃኗ ነበረች። ወንጀል ነው? ወንጀል አይደለም። ታዲያ ለምን አይተኛም!

ቁልፍ በበሩ ገባ።

ይህ ቁልፍ ያለው ሰው በዓለም ላይ አንድ ነው። ኦንዲና ዓይኗን ጨፈነች፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበች፣ እና አንኮራፋች።

«አክስቴ።»

ኦንዲና ጨመር አደረገችው።

«አክስቴ፣ አንቺ ስትተኚ አውቶቡስ ነው የምትመስይው። ይሄ ብስክሌት ነው። ተነሺ።»

«ውይ፣ መጣሽ እንዴ? ጭልጥ አድርጎ ወስዶኝ ነበር።»

«አዎ፣ አየሁ።»

ዩዴልካ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ካፖርቷን አላወለቀችም፣ ባርኪኝም አላለችም። ፊቷ ላይ ቀለም ተቀብታለች፣ የቴሌቪዥን ቀለም፣ ከሥሩ ግን ቆዳዋ እንደ ወረቀት ነው። ኦንዲና በልተሻል ወይ ልትል አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው።

«ታች የቆሙትን ጋዜጠኞች አይተሻቸዋል?»

«እኔ? ከእሑድ ወዲህ በመስኮት አላየሁም። በኋላ በር ነው የምወጣው፣ እንደ ሌባ።»

«ወርጄ ላናግራቸው ነው። ጽሑፍ ጽፈውልኛል።» ከኪሷ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «የአክስቴ ቃል የቆየ የቤት ቀልድ ነው፣ በበዓል ሙቀት አምልጧታል፣ ይላል። ጥሩ ነው። ሁሉም ይስቃል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ እኔም የምለውን በጊዜዬ እላለሁ።»

«ታዲያ አንብቢላቸዋ! ምን ያስቀምጥሻል?»

«ከማንበቤ በፊት አንቺን ልጠይቅ ብዬ ነው። አምልጦሽ ነው?»

ይኸው፣ አልጋው አፍ አውጥቶ ካፖርት ለብሶ መጣ። አዎ ማለት ነው፤ ሁለት ፊደል ናት፣ ልጅቷን ታድናለች፣ እሷንም ታድናለች፣ ኔሬይዳንም ከድምፅ ማጉያው ታድናለች። ደግሞ ማን ያውቃል፣ አምልጧት ሊሆን ይችላል እኮ፣ ስንት ዓመት የተባለ ነገር! ኦንዲና የልጅቷን እጅ አየች፣ ጥፍሯ እስከ ሥጋው ተበልቷል፣ በልጅነቷ መራራ ቀለም ቀብታ ያስተወቻት ነገር ነው፣ ተመልሶ መጥቷል፣ መቼ መጣ፣ ሐሙስ ዕለት ነበር? ሐሙስ ዕለት ምን አይታ ነበር፣ ሳህኗን ነው ያየችው፣ በላች አልበላች።

«አላመለጠኝም» አለች።

ዩዴልካ ወረቀቱን ጨበጠች።

«ሐሙስ የነገርሽኝን ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ አስታውሼው ነበር። ልክ እንደዚህ፣» ጣቷን አጮኸች፣ «ይህችን ታክል። ልውጠው ብል እውጠው ነበር። ያ ሰውዬ ራስሽን ሲዳብስ ደሜ ፈላ፣ ለራሴ እንደዚያ ነው የምለው፣ ግን ደሜ ባይፈላም እለው ነበር። ሰው ሁሉ እየሰማ ልለው ፈልጌ ነበር። አንቺ ስትቆዪ እኔ አረጃለሁ ዩዲ። ሳልሞት ላይሽ ፈለግኩ። እኔ ነኝ የፈለግኩት።»

ልጅቷ ተነስታ መስኮቱ ጋ ሄደች፣ የተወጠረውን ብርድ ልብስ በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው፣ ጀርባዋ ይነሳል ይወርዳል።

«ልብሴን አንቺ መረጥሽ» አለች ወደ ግድግዳው። «ትምህርት ቤቴን አንቺ መረጥሽ። ያንን ልጅ ፀጉሩ አላማረኝም ብለሽ አባረርሽው...»

«ፀጉሩ እኮ...»

«አክስቴ!»

«እሺ።»

«ከዚያ ደግሞ ወረዳው መረጠኝ፣ ፓርቲው መረጠኝ፣ የኔ ነው የምለው አንድ ነገር ነበረኝ፣ መቼ እንደሆነ መወሰን። እሱን ለአንቺ ብቻ ነገርኩሽ። ለእናቴ እንኳ አልነገርኩም።» ዞረች። ታለቅሳለች ብላ ኦንዲና ፈርታ ነበር፣ ልጅቷ ግን ወረቀቱን እያየች ነው። «አሁን ይሄን እንዴት ላንብበው?»

«ምን ይላል፣ አምልጧታል አይደል? አንብቢው! ትንሽ ውሸት ናት፣ የቤት ውሸት።»

«ስዋሽ በነጠላ ጫማ ትገርፊኝ የነበርሽው አንቺ ነሽ።»

«አንድ ጊዜ ነው!»

«አዎ። በቀን አንድ ጊዜ።»

ሁለቱም ሳቁ፣ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ፣ ክፍሉ እንደገና ሰፋ። ኦንዲና እግሯን ወደ ወለሉ አወረደች፣ ወለሉ ቀዝቃዛ ነው፣ የሌሊት ልብሷ ጉልበቷ ላይ ቀዳዳ አለው፣ ከዚህች ልጅ ፊት በዚህ ዓይነት አፍራ አታውቅም ነበር።

«ልጄ፣ አንቺስ? ትፈልጊያለሽ ወይ?»

ዩዴልካ መስኮቱ ጋ እንደቆመች አሰበች፤ ኦንዲናም፣ መቼም አይታመንም፣ ዝም ብላ ጠበቀች፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ ምራቋን እየዋጠች።

«እፈልጋለሁ» አለች ልጅቷ በመጨረሻ። «አንዳንዴ በጣም እፈልጋለሁ፣ ስለምፈልገውም አፍራለሁ። ዘንድሮ ግን የምፈልገው መተኛት ነው።»

«እንደሱ በያቸዋ።»

«አንቺን ይጠሉሻል።»

«ይጥሉኝ! የሚጠላኝ ሰው አጥቼ ነው?»

ወረዱ። ኦንዲና ቀዩን ቀሚስ አላደረገችም፣ በሌሊት ልብሷ ላይ ካፖርት ደርባ፣ በራሷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማ፣ በፊት በር። በረዶው በመንገዱ ዳር ተከምሮ ጠቁሯል፣ ካሜራዎቹ እንደ ርግብ ተንጋጉ፣ ቢየንቤኒዳ ከነማበጠሪያዋ ወጣች፣ ፀጉራቸው በጥቅል የተጠመጠመ ሴቶች በዚያ ብርድ ተከትለዋት ወጡ፣ አንድ ሽማግሌ በካርቶን ላይ «አሁን!» ብሎ በቀይ ጽፎ ከፍ አድርጎ ይዟል። ዩዴልካ ወረቀቱን አላወጣችም።

«አክስቴ ቀልዷን አልነበረም» አለች። «እንድወዳደር ትፈልጋለች፣ ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ ትፈልጋለች፣ አመሰግናታለሁ። እኔ ግን ዘንድሮ አልወዳደርም። ማንም ቆዪ ስላለኝ አይደለም፤ ሚስተር ዱጋን ስለ ወረፋ ነግሮኛል፣ ወረፋ ላይ አልቆምኩም። ደክሞኛል። የደከመ ሰው አገር ይምራ ብዬ ልለምናችሁ አልፈልግም።»

አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ብቻውን መሆኑን አይቶ ተወ። «እና መቼ?» አለ አንዱ ጋዜጠኛ፣ «ሳውቅ» አለች። «አክስትየዋስ ምን ትላለች?» ማይክሮፎኑ ወደ ኦንዲና ዞረ፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ሙሉ አገር የሚሰማበት ማይክሮፎን!

«እሷ ያለችውን» አለች ኦንዲና። በሕይወቷ ያለችው ከሁሉ ያጠረ ነገር እሱ ነው።

«ኦንዲና፣ ምላስሽ ይቆረጥ! ፀጉር ቤቴን ለድግሱ በባለቀለም ወረቀት አሸብርቄ!» ብላ ቢየንቤኒዳ ጮኸች፣ አንዳንዶች ሳቁ፣ አንዲት ወጣት ግን አልሳቀችም፣ ኦንዲናን ትክ ብላ አየቻትና ፊቷን አዞረች። ሽማግሌው ካርቶኑን ቀስ ብሎ አጠፈው፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ በብብቱ ሥር አድርጎት በረዶውን እየረገጠ ሄደ። ኦንዲና ጀርባውን እስከ መታጠፊያው ድረስ በዓይኗ ሸኘችው። ይሄንንም እኔ ነኝ፣ አለች በሆዷ። ይሄ ሰውዬ እሑድ ማታ ደስ ብሎት የተኛው በእኔ ነው፣ ዛሬም እንደዚህ የሚሄደው በእኔ ነው።

ዩዴልካ ላይ ወጥታ ከነካፖርቷ የአክስቷ አልጋ ላይ ወደቀች፤ ኦንዲና ሾርባ አሙቃ እስክትመጣ አፏን ከፍታ ተኝታ ነበር። ስልኳ ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣል፣ ኦንዲና ወስዳ መሶብ የሚያህል ድስት ውስጥ ከደነችው። ጫማዋን አወለቀችላት። አንድ ነጭ ፀጉር ትራሱ ላይ ወድቋል፤ አነሳችው፣ በብርሃን አየችው፣ የማን እንደሆነ አታውቅም፣ የልጅቷ ሊሆን ይችላል። ከእንግዲህ አልነካሽም፣ አለች። በእግዚአብሔር ፊት፣ አልነካሽም፣ አልገፋሽም፣ የፈለግሽውን ሁኚ፣ ዳቦ ጋግሪ፣ ባሕር ዳር ተቀመጪ፣ እናትሽ ዘንድ ሂጂ፣ ዓመትም ሁለት ዓመትም ተኚ።

ከልጅቷ ጎን በጠባቡ በኩል ጋደም አለች። አሁንስ ይመጣል፣ አለች፣ ተናዝዣለሁ፣ ተሰድቤያለሁ፣ ምን ቀረው። ዓይኗን ጨፈነች። ቧንቧው ጀመረ። ዓመት፣ ሁለት ዓመት። ትተኛ፣ ትረፍ፣ ፀጉሯም ይመለስ። የሚቀጥለው ምርጫ ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ ሠላሳ ስድስት ላይ አራት ሲጨመር ስንት ነው? አርባ! ውይ፣ አርባ ዓመት እኮ ለሴት ያማረ ዕድሜ ነው፣ ገና ናት የሚል አፍ የለውም፣ አረጀች የሚልም የለውም፣ እኔም በሕይወት እኖራለሁ፣ ቀዩም ቀሚስ... ኦንዲና ብድግ ብላ ተቀመጠች፣ አፏን በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ ያዘች። ልጅቷ ከጎኗ ተኝታለች። ምንም አልሰማችም፣ ምንም አልተባለምና፤ ሐሳቧን ግን ኦንዲና በየት በኩል ትያዘው!